የማንጎ እንቁላሎች

ሮሚ የማሞቂያውን ሣጥን ክዳን ከፈተችና ደሟ ፈላ። እንቁላሎቹ ቢጫ ሆነው ሰርጉደዋል። አንዳንዶቹ ሻግተዋል።

የማንጎ እንቁላሎች ናቸው። ማንጎ ደግሞ ሮሚ ከሃይስኩል ጀምራ ዋይትሆርን ሰፈር በሚገኘው የወላጆቿ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ያሳደገቻት፣ ኮርን ስኔክ የምትባል ብርቱካናማ እባብ ነበረች። አምና ያለ ወንድ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ዘር የሌለው ሆኖ ተደፋ። ዘንድሮ ሮሚ ከጓደኛዋ ከውዳሴ ወንድ እባብ ተውሳ አገናኘቻት። ማንጎ እንቁላሏን ጣለች፤ በማግስቱ ሞተች።

ሮሚ ስታለቅስ ሰነበተች። በኋላ እንቁላሎቹን በስልኳ መብራት ስታያቸው ውስጣቸው ቀያይ ደም ሥሮች ታዩዋት። ዘር አላቸው! ከማንጎ የቀራት ይኸው ብቻ ነበር። ለቤተሰቡ «ማንም እንዳይነካብኝ» አለች፤ በቃ።

አባቷ ሞላልኝ እባቧ እቤቱ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አኩርፏል። «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ማለት ይወዳል። ማንጎ የሞተች ዕለትም ማንም ሳይጠይቀው አካፋ አንስቶ ጓሮ ቀበራት። ሮሚ «ለመገላገል ቸኮለ» ብላ ቂም ያዘች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሥራ ከመግባቱ በፊት ቤዝመንት መውረድ አብዝቷል። ሲጠየቅ «ፈርነሱን ልይ ብዬ ነው» ይላል። በዚህ ሙቀት የቤት ማሞቂያ ምኑ ይታያል?

ሰው እባብ ቢጠላ አይፈረድበትም። የልጅን ልፋት መርገጥ ግን ሌላ ነው።

ሮሚ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አየች። ስታስቀምጣቸው አናታቸው ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጋ ነበር። አሁን የአንዱ ነጥብ ከታች፣ የሌላው በጎን ሆኗል። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«ማሚ፣ እንቁላሎቹን ሰው አገላብጧቸዋል! የእባብ እንቁላል ከተገላበጠ ቤቢው እዛው ውስጡ ይሞታል። ሊትረሊ ገደላቸው!»

እናቷ ጥሩወርቅ ከምድጃው ዞር አለች። «ማነው የገደለው?»

«ማን ይሆናል? ዳዲ ነዋ!»

ሞላልኝ ከሶፋው ተነሣ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ነክተሃቸዋል?» አለችው ሮሚ።

«ብነካስ? በገዛ ቤቴ!»

«ሁሉም ሞቱ! አሁን ሃፒ ነህ?»

«ሞቱ?»

«አታሹፍብኝ!» ብላ ጮኸች። «ስትጠላት ኖረሃል፤ እሺ። ልጆቿ ምን አደረጉህ? ሁለተኛ እዚህ ቤት አላድርም!»

ሮሚ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ውዳሴን ኮል አድርጋ እየመጣሁ ነው አለቻት። በሩን ወርውራ ስትዘጋው የሳሎኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ውዳሴ የምትኖረው ሲቲስኬፕ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ሮሚ ስትወጣ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥላው ነው የሄደችው።

ጥሩወርቅ ቁልፉን አይታ ቱግ አለች።

«ይኸው ልጄን አስወጣህልኝ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አለ አርፈህ ብትቀመጥ? ምን ልሁን ብለህ ነው በየቀኑ እየወረድክ የምታገላብጣቸው?»

ሞላልኝ ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዶሮም እኮ እንቁላሏን በየቀኑ ታገላብጣለች» አለ። «የእነዚህ እናት ሞታለች። ማን ያገላብጥላቸው ብዬ ነው።»