ቢጫ ቀለም ያማራቸው እማማ ዶርካስ

በአሜሪካ ገጠር፣ የጥንት የእንጨት ቤቶች በሞሉባት ትንሽ መንደር፣ እማማ ዶርካስ ዓይናቸው ደከመባቸው። ቤቶቹ ሁሉ ነጭ ስለሆኑ፣ በረዶ መንደሯን ሲሸፍናትማ የራሳቸው ቤት ይጠፋባቸውና የሰው በር ያንኳኳሉ።

«ልጆቼ፣ ቤቴን ቢጫ ልቀባውና ልየው» ብለው የጥንት ቤቶቹ መልክ እንዳይለወጥ የሚጠብቀውን የመንደሩን የቅርስ ኮሚቴ ለመኑ።

«ኧረ እማማ! አባቶቻችን ነጭ ያደረጉትን እኛ እናዥጎርጉረው?» አለ ሰብሳቢው።

«አባቶቻችሁን ማን ጠየቃቸው? ባለሙያ ይምጣና ነጩ ይፋቅ፣ ከሥሩ ያለው ይታይ!»

በዚሁ ተስማሙ፤ እያንዳንዱ ቤት ከሥሩ የሚወጣውን የጥንት ቀለሙን እንዲቀባ ተወሰነ።

ባለሙያው ቤቶቹን አንድ በአንድ ፋቀ። ከሁሉም ሥር ቢጫ ወጣ። የሰብሳቢው ቤት እንኳ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። እማማ በደስታ አጨበጨቡ። በመጨረሻ የእሳቸውን ግድግዳ እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቀው።

«የእርስዎ ብቻ ነው እማማ» አላቸው፣ «ከጥንትም ነጭ የነበረው።»