ሠላሳ አንድ አሃዝ ያለው ቁም ሳጥን

«በሰባት ይካፈላል ይባላል» ይላሉ ጎረቤታችን እትዬ ውብዓለም፣ ከእማዬ ቀብር ጀምሮ ሳይታክቱ።

የሒሳብ ማሽን ከታገደ ወዲህ መዝጊያ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል። ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ሲነግሩት ይከፈታል፤ ከተሳሳቱ እስከ ነገ ድርቅ ይላል። እማዬ የቁም ሳጥኗን መክፈቻ ሳትነግረን ሞተች። የእህቴ የምንታምር ቬሎ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሠርጓ ደግሞ ዛሬ።

«እባክሽ ሰባትን ሞክሪልኝ» አለች ምንታምር።

«ያለን አንድ ሙከራ ነው! ያለ አስተማሪ ማካፈል ተምሬ እዚህ የደረስኩት በሰባት እርሳሴን ላቆሽሽ አይደለም። ለመሆኑ ማን ነው የሚለው፣ እትዬ?»

«ይባላላ!»

ሦስት ቀን የለፋሁበትን ባለ ስምንት አሃዝ አካፋይ ለቁም ሳጥኑ ነገርኩት። ድርቅ አለ። ሚዜዎቹ ደጅ ላይ የመኪና ጥሩንባ ያስጮኻሉ። ምንታምር የሳሎኑን መጋረጃ ለበሰች፤ የመጋረጃው ቀለበቶች ጀርባዋ ላይ እየተንቃጨሉ ወጣች።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ፣ እትዬን ላሳፍር ብዬ፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት ብርሃን የቁም ሳጥኑን ቁጥር በሰባት አካፈልኩት።

ቀሪ የለውም።