የተቀበረውን በስሙ

በወይዘሮ ዝማም ግቢ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ለሃያ ዓመት ከአንዲት ቀጭን መንገድ ውጭ የረገጠ ሰው አልነበረም። የድሮው ብረት መፈለጊያ ለሚስማርም ለፈንጂም እኩል ይጮህ ነበር። አዲሱ ግን የተቀበረውን በስሙ ይጠራል። ፈንጂ አምካኙ ጸሐዬ ዛሬ ጠዋት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ።

«ሚስማር» አለ መሣሪያው። «ቆርኪ። ማንኪያ።»

«አይሳሳትም ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ዝማም።

ጸሐዬ ሁሉንም እየቆፈረ አሳያቸው፤ መሣሪያው አንዱንም አልሳተም።

«ግቢዎ ንጹሕ ነው እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ!»

ወይዘሮ ዝማም እልል እያሉ አፈሩ ላይ ወጡ። እዚያው ቤት ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሰገን ግን የእናቷን ዱካ ብቻ እየረገጠች ከኋላ ተከተለች።

«ነይ እንጂ ከጎኔ!» ብለው እጇን ሳቧት።

ሰገን እየሳቀች መጣች። እናትና ልጅ በገዛ ግቢያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሄዱ።