ሌሊት የማይወርደው ግፊት

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ሐኪም ቤት የወሰደቻት በፍቅር ብቻ አልነበረም። ይህን የሚያውቀው ወንድሟ ነው። "እኔ ደክሞኛል፤ ሕመም ከተገኘባት አንተ ጋ ትሁን" ብላ በስልክ ነግራዋለች። ስልኩን እንደዘጋች በገዛ አፏ አፈረች። ግን መልሳ ደውላ "ተወው" አላለችውም።

እናትና ልጅ የሚኖሩት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ በመሀሉ የስፌት መኪና። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርሙ ይቆለላል፣ መኪናውም ሲንጫጫ ያመሻል። አንድ ምሽት አሮጊቷ "አሁንስ አትተኚም?" ብትላት፣ "እኔ ተኝቼ ማን ያብላሽ?" ብላ ጮኸችባት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልብስ ሰፊዋም መስፋቷን ቀጠለች።

ሐኪም ቤት ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን አሮጊቷ ክንድ ላይ አሰረችው።

"እስከ ነገ እንዳይወልቅ፣ እማማ። ቀንም ሌሊትም ራሱ እየተነፋ ይለካል።"

ወዲያው ተነፋ።

"ወይ ጉድ! ይሄስ አያያዙ የፖሊስ ነው" አለች አሮጊቷ።

በዚያ ምሽት ልብስ ሰፊዋ መኪናውን ላትነካ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ነገር ግን ዩኒፎርሙ ጠዋት ይፈለጋል። ሰፍታ ስትጨርስ እንደ ድንጋይ ወደቀች። በሕልሟ እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ "ወዴት ልትሰጂኝ ነው?" ትላታለች። ትለቃትና ተመልሳ ትይዛታለች።

ስትነቃ እናቷ ፊቷን ታጥባ፣ መለኪያዋን እንዳሰረች አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

"እንዴት አደርሽ፣ እማዬ?"

"ተመስገን! እንዲህ ተኝቼም አላውቅ።"

እኔ እንዳይከፋኝ ብላ ነው፣ አለች ልጅቱ በልቧ።

ዶክተሩ ውጤቱን አየና መነጽሩን አወለቀ።

"ቀን ደህና ናቸው። ችግሩ ሌሊት ነው። ሰው ሲተኛ ነርቩ ልቡንም ደም ሥሩንም ያላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። እሳቸው ላይ ግን ጭራሽ ጨምሯል። ሰውነታቸው ተኝቶ ነርቫቸው ዘብ ቆሞ ነው ያደረው።"

"ይገድላል?"

"ካልታከመ፣ አዎ። በሳቸው ዕድሜ ግን ብዙም አይገርምም፤ ሰው ሲያረጅ ይሄ ነርቭ ይዝላል፣ እንቅልፍም ይሳሳል። እንዳንቺ ያለች ወጣት ላይ ባየው ነበር የምደነግጠው፤ ዛሬውኑ አልጋ አስይዛት ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም።

"እኔ ነኝ፣ ዶክተር! በመኪናዬ ጫጫታ እንቅልፍ የነሳኋት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይውሰዳት ያልኩትም እኔ ነኝ። እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ!" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

አሮጊቷ የልጇን ጉልበት ደባበሰች። ከዚያ እንዳጠፋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

"እሷ ምንም አላጠፋች፣ የኔ ልጅ፤ ያጠፋሁስ እኔ ነኝ። ያ ነገር ሲጨብጠኝ ጊዜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እሷ ደግሞ ከተኛች ቢጎትቷትም አትሰማ፤ ቀስ ብዬ ፈትቼ እሷ ክንድ ላይ አስሬው አደርኩ።"