የካርዷን ጣሪያ ያስቀነሰችው ምራት

«ዛሬስ ባንኩን ጠየቅሽ?»

አራሴሊ አፏ ውስጥ ያለውን ሩዝ ሳትውጥ ቀና አለች።

አማቷ እማማ ፌሊሳ ናቸው... ያው ጥያቄ፣ ያው የተለሳለሰ ድምፅ።

«ምኑን እማማ?»

«ካርድሽን ነዋ! የብድር ጣሪያውን ከፍ አድርጉልኝ በያቸው። ራሳቸው መልእክት ልከውልሽ የለ? ስልክሽን መንካት ብቻ ነው እኮ።»

«አስብበታለሁ...»

ይህችን «አስብበታለሁ» ስትል ከርማለች።

የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ኔስቶር መርከበኛ ነው፤ ባሕር ላይ ከወጣ ስልኩ አይገኝም። ፊሊፒንስ፣ ኢሎኢሎ ከተማ ያለው ቤትም፣ እናቱም፣ ክሬዲት ካርዱም የሷ ኃላፊነት ናቸው።

ሴትዮዋ ደግሞ ራሳቸው ካርድ ይዘው አያውቁም! ዓሣ እንኳ የሚገዙት ተከራክረው ተከራክረው፣ በጥሬ ገንዘብ ነው።

ታዲያ የምራታቸው የካርድ ጣሪያ ምን እንቅልፍ ነሳቸው?

አራሴሊ መልሱን ታውቀዋለች... ቶቶ!

ቶቶ የኔስቶር ታናሽ ወንድም ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። አምና «እህቴ፣ በካርድሽ ግዢልኝና በየወሩ እከፍልሻለሁ» ብሎ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አስገዝቷታል። ካርድ ያለው ሰው መቼም ዘመድ አያጣም።

ሁለት ወር ከፈለ... ከዚያ በሩቅ ሲያያት ባጃጁን ማዞር ጀመረ።

አሁን ግን ያ ቶቶ ተለውጧል። ማንጎ ይዞ ይመጣል። «እህቴ፣ ደከመሽ እንዴ? ቁጭ በይ እንጂ» ይላል።

ቶቶና ማንጎ? ነገር አለ!

አንድ ቀን ከሐኪም ስትመለስ አንድ ሞተር መሸጫ ሱቅ በር ላይ አየችው። ከባለሱቁ ጋር እየሳቀ ይጨባበጣል።

ቤት ስትደርስ እናትና ልጅ ጓዳ ውስጥ ይንሾካሾካሉ። እሷን ሲያዩ... ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ እማማ ሳህን እያጠቡ፣ ልክ እንደ ቀልድ፣

«ልጄ... ካርዱን የት ነው የምታስቀምጪው?»

በቃ! ለቶቶ አዲስ ሞተር፣ በአራሴሊ ካርድ!

በማግስቱ ባንክ ደወለች።

«የካርዴን ጣሪያ በተመለከተ ነበር...»

«እንጨምርልዎት እመቤት?»

«ቀንሱልኝ።»

የባንክ ሠራተኛዋ ልጅ ደግማ ጠየቀች። «ይቅርታ... ቀንሱልኝ ነው ያሉኝ?»

«አዎ። የመጨረሻው ታች ድረስ!»

ስልኩን ስትዘጋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እስቲ አሁን ይምጡ!

ሳምንት አልሞላም... የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ያለ ጊዜው!

የመንግሥት ሆስፒታሉ የሕፃናት ማሞቂያ ክፍል ሞልቷል ተባለ። ቶቶ ባጃጁን እያከነፈ እሷንና እማማን ወደ ግል ሆስፒታል ወሰዳቸው።

ሐኪሙ አያት። «አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ሕፃኑም ማሞቂያ ክፍል መግባት አለበት። ቶሎ የመያዣ ገንዘብ አስይዙ።»

እማማ ፌሊሳ ካርዱን ከአራሴሊ ቦርሳ አውጥተው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት አስቀመጡት።

«አይበቃም እማማ።»

«እስቲ እንደገና ሞክሪው፣ ልጄ...»

«ጣሪያው በጣም ትንሽ ነው። አይበቃም።»

አሮጊቷ አራሴሊ ወደተቀመጠችበት ዊልቸር ዞሩ።

«አራሴሊ... ባንኩን አልጠየቅሽም እንዴ?»

ምን ትበላቸው? ጠይቃለች እኮ... እንዲቀንሱላት!

ምጡ ወገቧን እየቆረጣት፣ ያቺ ጥያቄ ግን ከምጡም በላይ አመመቻት።

እማማ አልተቆጡም። ቶቶን አዩትና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ሽጠው።»

ቶቶ በረረ። ሲመለስ በእግሩ ነበር... ላብ አጥምቆት፣ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ።

ባጃጁን ሸጦ መጣ።

ልጅቷ ተወለደች። እፍኝ አትሞላም... ግን ማሞቂያው ውስጥ ሆና ትተነፍሳለች!

አራሴሊ መናገር ስትችል የአማቷን እጅ ያዘች።

«ካርዱን ለዚህ እንደፈለጉት ለምንድነው ያልነገሩኝ እማማ?»

«ከኔስቶር በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። እንዳንቺዋ ያለ ጊዜዋ መጣች። አባቷ መያዣ ፍለጋ ዘመድ ቤት ሲዞር... አልቆየችልኝም። አንቺ ስታረግዢ ፍርሃቱ ተመለሰብኝ።»

«ታዲያ ይህንኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ለእርጉዝ ሴት? በገዛ አፌ ላሟርትብሽ? ካርዱ ከበቃ ይበቃል፣ ካልበቃ ባጃጁ ይሸጣል ብለን ከቶቶ ጋር ተማከርን። ዋጋውንም ከባለሱቁ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ነበር።»

ሞተር መሸጫው በር ላይ የተጨባበጠው... ሞተር ሊገዛ አልነበረም፤ ባጃጁን ሊሸጥ እንጂ።

ዛሬ ቶቶ የሰው ባጃጅ ተከራይቶ ይነዳል።

የቴሌቪዥኑን ዕዳስ? አልከፈለም! አሁንም ሰበብ አያጣም። አራሴሊ ግን መጠየቅ ትታለች።

ወገኖቼ... እኔም ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ቶቶን እኔም ብሆን አላምነውም ነበር።

መጠርጠሯ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ፣ አብረዋት ለሚበሉት ሰዎች «ለምን ፈለጋችሁት?» የምትል አንዲት ጥያቄ መንፈጓ ነው። ሐሳቧን የነገረችው ለማታውቃት የባንክ ልጅ ነበር።

ሰው ያበደራችሁትን ሳይከፍል፣ ለእናንተ ሲል እንጀራውን ሊሸጥ ይችላል። ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው።

እስቲ አሁን ከልባችሁ... ብድሩን ያልመለሰ ዘመድና ምክንያታቸውን የማይናገሩ አማት ቤታችሁ ቢኖሩ፣ ጣሪያውን ታስጨምሩ ነበር ወይስ እንደ አራሴሊ ታስቀንሱ?

ኮሜንት ላይ እውነቱን ጻፉልኝ... ማስመሰል የለም! 👇