ቁጭ ብሎ አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ

ሰዓቱን ከእጄ ፈትቼ፣ ጎንበስ እልና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስረዋለሁ። ከዚያ እግሬን የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ አሳርፌ መርገጥ እጀምራለሁ። መዘውሩ ይዞራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። አንድ ሱሪ ማሳጠር ሦስት መቶ እርምጃ ነው። መጋረጃ ከመጣልኝማ አገር አቋርጣለሁ።

ሰዓቱን የገዛችልኝ ልጄ ናት። ከወር በፊት ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቁጭ ስል ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ሐኪሙም፣ "ልብዎ ደክሟል፤ መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ በየቀኑም ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ እግርዎ ካበጠ ግን ቶሎ ይምጡ" አለኝ። በማግስቱ ይኼን እርምጃ የሚቆጥር ጥቁር ሰዓት አምጥታ እጄ ላይ አሰረችው። የተራመድኩት ሁሉ እሷ ስልክ ላይ ይታያል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሬ በቀን ከአራት መቶ አላለፈም። ከቤት እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ቤት፣ ያውም መሀል ላይ ሁለቴ አርፌ። በየምሳ ሰዓቱ ትደውላለች። "አባዬ፣ ዛሬም አልተራመድክም፤ ምን ሆነህ ነው?" ድምጿ ውስጥ ያለው ፍርሃት የምግብ ፍላጎቴን ይዘጋዋል። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ እግሬ ላይ ባስረው እስከ ማታ ስድስት ሺህ ሞላ። ማታ ደውላ "ጎበዝ የኔ አባት!" እያለች ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በጨው አጥቤ በየቀኑ አስረዋለሁ።

ጎረቤቴ ሰዓት ጠጋኙ አንድ ጠዋት ድንገት ገብቶ አየኝ። "አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን በእግሩ ያሰረ ሰው አላየሁም። እግር ላይ የሚታሰረው እስረኛ ነው" ብሎኝ ወጣ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሰዓቱ ደግሞ ሳልጠይቀው ድንገት ይነዝራል። "በርታ!" ይለኛል። በነገር የሚወጋኝ ይመስለኛል።

ዛሬ በሥራ ሰዓት ልጄ በሩን በርግዳ ገባች። ሰዓቱን ለመፍታት ጊዜ አላገኘሁም። ባዶ እጄን ለመሸፈን እጅጌዬን ስቤ አወርዳለሁ፤ እግሬን ከጠረጴዛው በተንጠለጠለው ጨርቅ እጋርዳለሁ።

"አሥራ አንድ ሺህ!" ትላለች ስልኳን እያሳየችኝ። "ገና ከሰዓት እኮ ነው አባዬ! ከእኔ በላይ ሄደሃል።"

"ደንበኛ በዛ። ላይ ታች ስል ነው የዋልኩት።"

የደንበኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ወዲያው ትነሳለች። "ያ ሥራ እንደገና መጣ። የላቦራቶሪ ኃላፊነቱ፣ ሌላ ከተማ ያለው።"

አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጠርተዋት ሁለቴም "አባቴን ጥዬ አልሄድም" ብላ መልሳለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ጊዜ የሚጠራት የለም።

"አሥር ሰዓት ላይ ልፈርም ነው" ትላለች። "ቁጥርህን እያየሁ ነው የወሰንኩት። አባቴ ድኗል አልኳቸው።"

እውነቱን ብናገር ትቀራለች፤ ዝም ብል ትሄዳለች። እንድትሄድ እፈልጋለሁ። እንዳትሄድም እፈልጋለሁ፤ ይኼን ለራሴም ተናግሬው አላውቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ የምለምነው አውቶቡስ ላይ እስክትወጣ ብቻ እንዲያድርልኝ ነው።

"ምነው ዝም አልክ? አልተደሰትክም?"

"ደስታ ሲበዛ ዝም ያሰኛል። መቼ ነው ታዲያ ጉዞው?"

"ቅዳሜ። በየቀኑ ስልኬ ላይ አይሃለሁ እኮ፤ አጠገብህ ያለሁ ያህል ነው።"

ስጨነቅ እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነው። መርገጥ መጀመሬ የታወቀኝ መርፌው ጨርቅ በሌለበት ሲወጣና ሲወርድ ሳይ ነው።

"አባዬ" ትላለች፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። "እየጨመረ ነው።"

"ምኑ?"

"ቁጥሩ። ቁጭ ብለህ።"

እግሬን አቆማለሁ።

"አሁን ቆመ" ትላለች። እጄን ታያለች፣ እጅጌዬን ወደ ላይ ትገፋዋለች። ባዶ ነው። "እስቲ እርገጥ።"

እንደ ተማሪ እታዘዛለሁ። ሦስት ጊዜ እረግጣለሁ። ስልኩን አይታ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ተንበርክካ ጨርቁን ትገልጠዋለች።

"ሰው የሚራመደው በእግሩ አይደል?" እላለሁ። "ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያሰርኩት።"

ሌላ ጊዜ በማያስቀው ቀልዴ ሁሉ ትስቃለች። አሁን ማሰሪያውን ትፈታለች። ማሰሪያው ሥጋዬ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር እየላቀቀች ነው የምታወጣው። ካልሲዬን ወደ ታች ትስበዋለች።

"ይኼ እብጠት ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ካልሲ ውስጥ ያለውን ማን ያያል ልጄ።"

"ሐኪሙ አይቶታል?"

ካልሲውን መልሼ ለመሳብ ጎንበስ እላለሁ። እጄን ገፋ ታደርገዋለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አትጠርገውም። አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ ታሳርፍና ትጫነዋለች። አያምም። ማመም የነበረበት ይመስለኛል።

"ተነሺ ሂጂ" እላለሁ። "አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ይኸው በሰማይ በምድር። ሂጂና ፈርሚ።"

ጣቷን ታነሳለች። ቦታው ጎድጉዶ ቀርቷል፣ በአውራ ጣቷ ልክ። እንደተንበረከከች ትጠብቃለች፤ እኔም ከላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። ጉድጓዱ አይሞላም።