በሩ በመጨረሻ ይዘጋል

የቃሊቲው የባቡር ጥገና ግቢ የጽዳት ሠራተኞቹን ሊያሰናብት ነው ከተባለ ወዲህ አስካለማርያም እንቅልፍ አጥታለች። ከሚሰናበቱት መካከል አንድ ሰው ብቻ ተመርጦ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀጠራል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሣጥን ሁሉ የተጻፈበት በቻይንኛ ስለሆነ ፈተናው ጽሕፈት ሆነ።

ብዙዎቹ ገና ከጅምሩ ተስፋ ቆርጠው ተዉት። የቀሩት አስካለና ኩምሳ ብቻ ናቸው።

የምታስተምራቸው ሚስ ሊን አማርኛዋ ደህና ነው፤ ቁጣዋ ግን ከአማርኛዋ ይበልጣል። ፊደሉ አምሮ ቢወጣ እንኳ መስመሮቹ በተራቸው ካልተሰመሩ ትሰርዘዋለች። የግቢው አለቃ የሚስተር ቲየን ስም መስኮት የመሰለ ፊደል ነው።

«መጀመሪያ ግድግዳ» ትላለች። «ከዚያ ሰው ይገባል። በር በመጨረሻ ይዘጋል።»

አስካለ ሁልጊዜ በሩን አስቀድማ ትዘጋዋለች። ሚስ ሊን ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዝና፣ የተማሪውን ስም ለመጻፍ ሲሆን ቀዩን አስቀምጣ ጥቁር ፍለጋ ቦርሳዋን ታተራምሳለች። አስካለ የሴትዮዋን ነገረ ሥራ ለምዳዋለች።

ኩምሳ ከሐዲዱ ዝርጋታ ጀምሮ ከቻይኖቹ ጋር አብሮ የበላ፣ አብሮ ያደረ ነው። ቋንቋቸውን ይናገራል፣ ወጋቸውን ያውቃል፤ እጁ ግን ለመጻፊያው ብሩሽ አልተፈጠረም።

«ይሄ ፊደል እርሻ ማለት ነው አሉ» ብሎ አንድ ቀን ሳቀ። «በአባቴ እርሻ ላይ ሐዲድ የዘረጋው ሰውዬ፣ ስሙ እርሻ!»

አስካለ አልሳቀችም። እንጀራዋን ሊቀማ የተቀመጠ ሰው ቀልዱ ምን ሊጥማት!

አባቷ አቶ ወልደሚካኤል በደህናው ጊዜ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉርሳቸውም መድኃኒታቸውም ከእሷ ደመወዝ ነው።

«ነገ የምንጽፈው ምስጋና ነው አባባ፤ መጨረሻው ላይ የአለቃው ስም አለበት» አለቻቸው በፈተናው ዋዜማ።

«ስሙን በጥቁር ልትጽፊው?»

«በምን ልጻፈው ታዲያ?»

«የእመቤታችን ስም በምን ይጻፋል? መጽሐፉን ከፍሎ ያስጻፈው ጌታስ? የከበረ ስም እንደ ተራ ቃል በጥቁር አይጻፍም፣ ልጄ።» በገዛ እጃቸው የበጠበጡትን ቀይ ቀለም በብልቃጥ ሰጧት። «ያ ምቀኛሽ እንዳያይብሽ ደግሞ።»

በማግስቱ ሁለቱ ተፈታኞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚስ ሊን ያስተማረች ናትና ፈተናው ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ «የተናገረ ይወጣል» አለ፤ ሻይ ቀረበላቸውና ፈተናው ተጀመረ።

አስካለ ምስጋናውን በጥቁር ጻፈች። ከዚያ ብልቃጧን አወጣች። ኩምሳ ቀና ብሎ አያትና ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ወረቀቷን በክንዷ ጋረደችው። ግድግዳውን አቆመች፣ ሰው አስገባች፣ በሩን በመጨረሻ ዘጋች። ስሙ እንደ ፍም ቀልቶ ወጣ።

ኩምሳ ብድግ አለና የሻይ ብርጭቆውን ወረቀቷ ላይ ደፋው።

ሆን ብሎ ነው፤ ዓይኗ እያየ ነው ያደረገው። አስካለ እንዳትባረር ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ዋጠች።

«አስካለ፣ ስሚኝ...» ብሎ ገና ሲጀምር ጥበቃው ክንዱን ይዞ ጎተተው። እሷ ፊቷን አዞረች። እግዜር የሥራውን ሰጠው አለች በልቧ፤ ከዚያ ወዲህ ተፎካካሪ አልነበራትም።

ሌላ ወረቀት ተሰጣት። ከፊተኛው አሳምራ ጻፈችው፤ ስሙንም ከፊተኛው ይልቅ አቀላችው።

ሚስተር ቲየን ከሚስ ሊን ጋር ገቡ። አስካለ እጅ ነስታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሰውዬው አንብበው እታች ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራረጉና ወጡ።

«ተሳስቻለሁ? የቱ መስመር ነው?» አለች አስካለ።

«መስመር ሁሉ ልክ ነው» አለች ሚስ ሊን፤ ድምፅዋ ውስጥ የወትሮው ቁጣ አልነበረም። «እኛ አገር በቀይ የሚጻፈው ሞት የተፈረደበት ሰው ስም ነው። ኩምሳ ያውቃል እኮ፤ አልነገረሽም?»